ሐይቅ የሆነው ጉድጓዳችን

ልጄ ዩስኒማር፣ አላህ በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ። እኔ ደህና ነኝ። የምናገረውን የምትጽፍልኝ የጎረቤታችን ልጅ ኤልፊ ናት፤ እንዳታሳምረው ነግሬያታለሁ።

ከተማችን ሳዋሉንቶ የድንጋይ ከሰል ማውጣት ካቆመች ወዲህ እኔ የሠራሁበት ጉድጓድ ውኃ ሞልቶት ሐይቅ ሆኗል። ባለፈው ዓርብ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀልባ ገባሁበት። ቀዛፊው፣ «አባባ፣ ዋና ይችላሉ?» ቢለኝ፣ «ዝም በል አንተ! እታች ድረስ በእግሬ ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ» አልኩት። መሀል ስንደርስ ግን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥቁር አቧራ ስንውጥ በኖርንበት ቦታ ላይ ሰማዩ ተኝቶበታል፤ ከሥራችን ዓሣ ይዋኛል። አላህ ለዚያ ጉድጓድ ይህን አስቦለት ኖሯል!

አሁን የእናትሽ ወንድም ሻፍሪል ከሐይቁ በላይ ያለውን ቤታችንን የእንግዳ ማረፊያ ለሚያደርጉ ሰዎች እንሽጠው ይላል። እንቢ ስለው፣ «አንተ አማች ነህ፤ ማን ጠየቀህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በወጋችን ቤት የሴት ነው፤ ከእናትሽ ወዲህ ያንቺ ነው። ብቻ በስልክ እሺ እንዳትዪው። መጀመሪያ ነይና በዚያ ውኃ ላይ ራሴ እየቀዘፍኩ ልውሰድሽ። ከዚያ ብትሸጪውም አልቆጣም።

ውሸቴን ነው፣ እቆጣለሁ። ኤልፊ፣ ይህንንም ጻፊው።

አላህ መንገድሽን አቅንቶ በሰላም ያምጣሽ።

አባትሽ ማርዛን