ዱምስክሮሊንግ በቁመቴ ልክ

ሰኞ
እንደገና ሁለት ገጽ ቀደድኩ። የልቦለዴ ሰባተኛ ምዕራፍ አልሄድ ብሏል። ባለታሪኩ ስልኩ ላይ ክፉ ወሬ ሲያነብ የሚውል ሰው ነው። አሳታሚው ዓርብ ካላስረከብኩ መጽሐፉ ለዘንድሮ አይደርስም ብሎኛል። እኔ ደግሞ ከባለታሪኬ አልሻልም። ፒያሳ ቁጭ ብዬ ስለ ጦርነት፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለሚፈርሱ ቤቶች ሳነብ ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ። ልጄ ሊዲያ ከጠረጴዛው ማዶ ስታየኝ ቆይታ፣ "አባዬ፣ በሽታህ ስም አለው። ዱምስክሮሊንግ ይባላል" አለች።
"መድኃኒቱስ?"
"እሱን አንተ ጻፈው። ደራሲው አንተ አይደለህ?"

ማክሰኞ
ልቦለዱ እምቢ ካለ ቃሉን ሥሩ ድረስ እቆፍረዋለሁ። ቤተ መጻሕፍት ዋልኩ። ጥምር ቃሉ ገና ልጅ ነው፤ የተዛመተው በኮሮናው ጊዜ። ሁለቱ ግማሾቹ ግን ሽማግሌዎች ናቸው። "ዱም" በእንግሊዝኛ ዛሬ ጥፋት ነው፤ ጥንት ፍርድ ነበር። "ስክሮል" ጥቅል ብራና። ስልክ ላይ ጽሑፍን በጣት መግፋትም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የፍርድ ጥቅል፣ ቢተረተር የማያልቅ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።
ራስ መኮንን ድልድይን በታክሲ ስሻገር ስልኬን አላወጣሁም። ትንሽ ድል።

ረቡዕ
የድሉ ዕድሜ አጭር ነበር። እስከ ምሳ አነበብኩ። አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ሐሙስ
አፍንጮ በር፣ እናቴ ቤት። ጥቅል ብራና ሲባል ልጅ ሆኜ አንገቴ ላይ የነበረው ክታብ ትዝ ብሎኛል። ቆዳ ውስጥ የተሰፋ ስለነበር ተከፍቶ አላየሁትም። ምን ያህል ይረዝም እንደነበር ጠየቅኋት።
"በቁመትህ ልክ ነዋ። ደብተራው ከራስህ እስከ እግርህ በክር ለክቶ ቆረጠው።"
"ቢያጥርስ?"
"እግርህ ጠባቂ ያጣል።"
"ቢረዝምስ?"
"ምንህን ሊጠብቅ? ጥላህን?" ሳቀች። "አሁንማ አጥሮብሃል።"
እኔ አልሳቅሁም። ለካ ያ ጥቅል ማብቂያ ነበረው።

ዓርብ
ወረቀት በሙጫ ቀጣጠልኩ። ሊዲያ ግድግዳ አስደግፋ በክር ለካችኝ። "በእግር ጣትህ አትቁም፣ አባዬ። አታጭበርብር።" በቁመቴ ልክ ቆርጠን ሰቀልነው። ምዕራፉ አናቴ ላይ ይጀምራል፣ ወለሉ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ወረቀት የለም። ስልኬን ይዛ ወደ ወዲያኛው ክፍል ሄደች።
ጠዋቱን ቆሜ ጻፍኩ። ባለታሪኬ ደረቴ ጋ ሲደርስ ስልኩን አስቀመጠ፤ ያስቀምጠዋል ብዬ እኔም አላሰብኩም ነበር። አሁን ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ይህን የምጭረው ግድግዳው ላይ ሲጽፍ የዛለ ክንዴን ለማሳረፍ ነው። አሳታሚው እስከ ማታ ይጠብቃል። ከወዲያኛው ክፍል ስልኬ ይጮኻል። ያቆማል። እንደገና ይጮኻል።
ጉልበቴን አልፌያለሁ። እግሮቼ ብቻ ቀርተዋል።