በስማቸው ሌላ ሰው የሮጠባቸው የወ/ሮ ስጦታ ባርናባስ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ስጦታ ባርናባስ ከአባታቸው ከአቶ ባርናባስ ገዱ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አምሳል የሺዋስ፣ ጊች በተባለችው የደጋ መንደር ሰኔ 12 ቀን 1976 ዓ.ም. ተወለዱ። ከታላቅ እህታቸው ከወ/ሮ ሰብሌ በኋላ ሁለት ሕፃናት ሞተው ስለ ነበር፣ እናታቸው ይችኛዋ በምልጃ የተገኘች ናት ብለው ስጦታ አሏቸው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ደባርቅ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። ክረምት ሲገባ ወደ ጊች ሲወጡ፣ መስከረም ሲጠባ ሲወርዱ፣ ከአባታቸው በቅሎ ፊት ፊት ይሄዱ ነበር። አቶ ባርናባስም በመንገድ ለሚያገኙት ሁሉ “ኧረ ይች ልጅ በቅሎዬን በሰው ፊት አዋረደችብኝ” እያሉ ይስቁ ነበር። ሯጭ መሆናቸው የታወቀው በዚህ ነው እንጂ አሰልጣኝ አላገኛቸውም።

በ1995 ዓ.ም. ዳባት በነበረው በቧሂት መምህራን ኮሌጅ ገብተው የስፖርት ትምህርት መማር ጀመሩ። በመጋቢት 1997 ዓ.ም. ኮሌጁ ለክልሉ የኮሌጆች ውድድር ማጣሪያ ሲያካሂድ፣ በአምስት ሺህ ሜትር አንደኛ ወጡ። ሁለተኛዋ ስትደርስ እርሳቸው ጫማቸውን ፈትተው ተቀምጠው ነበር። ዲፕሎማቸውን ለመቀበል የቀራቸው ሦስት ወር ነበር።

የኮሌጁ ዲን አቶ ሐብታሙ ደስታው ነበሩ። እርሳቸውን ለማያውቅ የሩቅ እንግዳ ማስተዋወቅ ይገባል፦ አሁን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቆመው፣ ይህን ጽሑፍ በመረዋ ድምፃቸው የሚያነቡልን የእድራችን ሰብሳቢ እርሳቸው ናቸው። ለአሥራ ሁለት ዓመት የሰፈራችንን ሟች ሁሉ ታሪክ አንብበዋል። ጽሑፉን ቀድመው የማየት ልማድ የላቸውም። “ለእኔ ፊደል አዲስ አይሆንብኝም” ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል። እኛም ልማዳቸውን አክብረን ቀድመን አላሳየናቸውም። ንባባቸውን እንዲቀጥሉ ቤተሰቡ በትሕትና ይጠይቃል።

አቶ ሐብታሙ በዚያ ዓመት ዋንጫ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር፤ ዋንጫ ያመጣ ዲን ወደ ላይ እንደሚሳብ ተነግሯቸዋልና። ወ/ሮ ስጦታ ጎበዝ ቢሆኑም በእርግጥ ያሸንፋሉ ብለው አላመኑም። ስለዚህ ከአንድ ትልቅ ክለብ ተማሪ ያልሆነች ሯጭ አስመጡ። የውድድሩ ደንብ ተማሪ ያልሆነ እንዳይሮጥ ይከለክላል። እርሳቸውም የወ/ሮ ስጦታን ስም የያዘ አዲስ መታወቂያ አሠርተው፣ የሯጯን ፎቶ ለጥፈው፣ የኮሌጁን ማኅተም መትተው ፈረሙበት።

ሚያዝያ 14 ቀን ጠዋት ቡድኑ ሲሳፈር፣ ወ/ሮ ስጦታ የኮሌጁን ቱታ ለብሰው አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አቶ ሐብታሙ ጠርተው አስወረዷቸው። “አንቺ እዚሁ ቆዪ፤ ስምሽ ይሄዳል” አሏቸው። ወ/ሮ ስጦታ ነገሩ ስላልገባቸው “ስሜ ያለ እኔ ወዴት ይሄዳል ጋሼ?” ብለው ጠየቁ። መልሱ “ዲፕሎማሽን ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?” የሚል ነበር። ቱታውን አውልቀው በእርሳቸው ቦታ ለምትሄደው ልጅ እንዲሰጡ ታዘዙ፤ ሰጡም። አውቶቡሱ ሲሄድ መንገድ ዳር በሸሚዝ ቀሩ።

ሯጯ አሸነፈች። ሬዲዮኑ የቧሂት ኮሌጅ ተማሪ ስጦታ ባርናባስ አንደኛ ወጣች ብሎ ተናገረ። አባታቸው ይህን ሰምተው ከጊች ሙክት እየነዱ ዳባት ድረስ ወረዱ። በአቀባበሉ ቀን አቶ ሐብታሙ በሕዝብ ፊት ሜዳሊያውን በወ/ሮ ስጦታ አንገት ላይ አጠለቁት፤ አባታቸውም ሜዳሊያውን ሳሙት። የሌላውን ጥፋት የሚናገር ጽሑፍ የራስን ሊሸሽግ አይገባውም፦ ወ/ሮ ስጦታ ያን ከሰዓት ዝም አሉ። ስለ ዲፕሎማቸው ፈርተው ዝም አሉ። ሜዳሊያውን በማግሥቱ ለዲኑ ጽሕፈት ቤት መልሰዋል፤ ያችን ከሰዓት ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ለራሳቸው ይቅር አላሏትም።

ወር ሳይሞላ ተሸናፊው ኮሌጅ ክስ አቀረበ። በውድድሩ ቦታ የተነሣው ፎቶግራፍ ከወ/ሮ ስጦታ መልክ ጋር አይገናኝም። አጣሪ ቡድን ሲመጣ አቶ ሐብታሙ፣ ተማሪዋ መታወቂያዋን በራሷ ፈቃድ ለሌላ ሰው አሳልፋ ሰጥታለች ብለው በጽሑፍ መልስ ሰጡ። ከዚያ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰበሰቡ፤ ሰብሳቢውም እርሳቸው ነበሩ። ከሳሹም ዳኛውም ምስክሩም አንድ ሰው ሆኑ። ሰኔ 9 ቀን 1997 ዓ.ም. ወ/ሮ ስጦታ ከኮሌጁ ተባረሩ፤ በማንኛውም የመንግሥት ኮሌጅ ለአምስት ዓመት እንዳይማሩም ታገዱ። ኮሌጁ ዋንጫውን መለሰ። አቶ ሐብታሙ በዓመቱ ከፍ ወዳለ ሹመት ተዛወሩ።

አቶ ባርናባስ ከዚያ ወዲያ የደባርቅን ገበያ አልረገጡም። የአታላይዋ አባት የሚል ቃል ጆሯቸው ገብቶ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጃቸውን አምነው ይሁን ሳያምኑ አልተናገሩም፤ ወ/ሮ ስጦታም ደፍረው አልጠየቋቸውም። ከትምህርቱም ከሜዳሊያውም ይልቅ ያንገበገባቸው ይህ ነው። ይህን የጻፉትን እህታቸውን ወ/ሮ ሰብሌንም እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል።

ወ/ሮ ስጦታ በ1999 ዓ.ም. በሳንቃ በር የፓርክ ጠባቂ ስካውት ከነበሩት ከአቶ ዘመነ ሃብተ ጊዮርጊስ ጋር በተክሊል ጋብቻ ፈጽመው፣ ወ/ሪት ሊድያንና ወጣት ቃለ አብን ወልደዋል። እገዳው ሲያበቃ በርቀት ትምህርት ዲፕሎማቸውን አግኝተው፣ በመካነ ብርሃን፣ ኋላም በደባርቅ በስፖርት መምህርነት አገልግለዋል። የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲኖር መዝጋቢዋ እርሳቸው ነበሩ። ጠረጴዛቸውን አውጥተው፣ የእያንዳንዱን ልጅ ፊት ከመታወቂያው ጋር ሳያስተያዩ አያሳልፉም ነበር። ርእሰ መምህራን ለምነዋቸዋል፤ ተቆጥተዋቸዋልም፤ አንዱን እንኳ አላሳለፉም።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ከአሥራ አራት ዓመት በታች በሚደረገው ሩጫ ልጃቸው ሊድያ ተሰልፋ መጣች። ዕድሜዋ በሦስት ወር አልፏል። እናቷ ስሟን ሰረዙ። ሊድያ በጓደኞቿ ፊት አለቀሰች። ወ/ሮ ሰብሌ ለሦስት ወር ማን ይሞታል ብለው ተቆጡ፤ አንድ ወርም እህታቸውን አኮረፉ። ወ/ሮ ስጦታ “ሦስት ወርማ ቀላል አይደለም፤ እኔም የቀረኝ ሦስት ወር ነበር” ብለው መለሱላቸው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ በስማቸው የሮጠችው ሯጭ፣ ወ/ሮ በለጠች፣ ደባርቅ ድረስ ፈልገዋቸው መጡ። ሩጫ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ንስሐ ገብተው የነፍስ አባታቸው ሄደሽ ታረቂ ብለዋቸዋል። መታወቂያውን ሳይጥሉ ይዘውት ኖረዋል፦ ስሙ የስጦታ፣ ፊቱ የበለጠች፣ ፊርማው የአቶ ሐብታሙ ደስታው። የሆነውን ሁሉ ጽፈው ፈርመው ሰጧቸው። ሁለቱ ሴቶች ተላቅሰው ታረቁ። ወ/ሮ በለጠች ዛሬ እዚህ ቀብሩ ላይ አሉ፤ ከሴቶቹ መካከል ጥቁር ሻሽ ያሰሩት ናቸው።

ወ/ሮ ስጦታ መታወቂያውን ይዘው ለክልሉ ቢሮ አመለከቱ፤ ጉዳዩ ጊዜው አልፎበታል የሚል መልስ መጣ። ከዚያ በጡረታ ደባርቅ ወደ ተቀመጡት ወደ አቶ ሐብታሙ ቤት ሦስት ጊዜ ሄዱ። የለመኗቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በእድሩ ጉባኤ ፊት ቆመው እውነቱን እንዲናገሩ። በመጀመሪያው ቀን “የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ተይው ልጄ” አሏቸው። በሁለተኛው ቀን እቤት የሉም ተባለ፤ ሳላቸው ግን በመስኮት ይሰማ ነበር። በሦስተኛው ቀን “እኔን ማን ይጠይቀኛል?” አሉ። ይህን ሲሉ ወ/ሮ ሰብሌ አብረው ነበሩ።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወ/ሮ ስጦታን የጡት ካንሰር አገኛቸው። ጎንደር ተመላልሰው ቢታከሙም ሕመሙ ጸናባቸው። የነፍስ አባታቸው ቄስ ሀብተ ሚካኤል ሥጋ ወደሙ ሊያቀብሏቸው ሲመጡ፣ በሰው ላይ ቂም እንዳላቸው ጠየቋቸው። ወ/ሮ ስጦታም “አባቴ፣ በልቤ አልያዝሁትም፤ በወረቀት አስፍሬዋለሁ” ብለው መለሱ። ቄሱም እውነት ኃጢአት አይደለችም አሉና ፈቷቸው። ወ/ሮ ስጦታ ነገሩን አስቀድመው አልጋ ላይ ሆነው በእህታቸው እጅ አስጽፈው ነበር፤ ማን እንደሚያነበው ያውቁ ነበርና።

በእድራችን ደንብ የሟችን ታሪክ የሚያነበው ሰብሳቢው ነው፤ ከተጻፈውም አይጨምርም፣ አይቀንስም። አንቀጹን ያረቀቁት ራሳቸው አቶ ሐብታሙ ናቸው። ድምፃቸው ቢደክም ግድ የለም፤ ጽሑፉ በአምስት መቶ ቅጂ ታትሞ በቀባሪው ሁሉ እጅ ይገኛል። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የወ/ሮ ስጦታ ነው። በጀርባው የታተመው ያ መታወቂያ ነው፤ ስሙን፣ ፊቱንና ፊርማውን አስተያዩ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ወ/ሮ ስጦታ ለአቶ ሐብታሙ አፍ ብለው አስጽፈውታል፤ ጮክ ብለው ያንብቡልን፦

“እኔ ሐብታሙ ደስታው፣ ስጦታ ባርናባስ መታወቂያዋን ለማንም እንዳልሰጠች አውቃለሁ። ፎቶውን የለወጥሁ፣ የፈረምሁበትም፣ እርሷን ያባረርሁም እኔ ነኝ።”

አንብበውት ከሆነ ወ/ሮ ስጦታ የጠየቁትን አግኝተዋል። ዝም ብለው ከሆነም ሕዝቡ ዝምታቸውን ሰምቷል።

ወ/ሮ ስጦታ ባርናባስ በተወለዱ በአርባ ዓመታቸው የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። እናታቸውን ወ/ሮ አምሳልን፣ ባለቤታቸውን አቶ ዘመነን፣ ልጆቻቸውን ሊድያንና ቃለ አብን፣ እህታቸውን ወ/ሮ ሰብሌን፣ በየውድድሩ ጠረጴዛቸው ፊት የቆሙትንም ተማሪዎች ሁሉ በኀዘን ትተው ሄደዋል።

ሰው ከመዝገቡ የሰረዛቸውን እግዚአብሔር በሕይወት መጽሐፍ ይጻፋቸው፤ ከአባታቸው ጋር ያገናኛቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ። ለአቶ ሐብታሙ ደስታውም ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና ይስጥልን፤ ነገ ገበያ ሲወጡ መንገድ ላይ ሰላም የሚላቸው ሰው ሁሉ ዛሬ እዚህ ቆሞ ሰምቷቸዋል።