ክዳኑ የተከፈተው ውሃ

ጥቅምት 26
ሂሳብ ከሃያ ዘጠኝ። መምህሩ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ምንም አላለኝም። እህቱ የሞተችበት ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል... ዘጠኝ ያመጣ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው የማይሰደበው?
ቤት ስደርስ ቧንቧ መጥቷል። ከስድስት ቀን በኋላ። እማዬ ጀሪካኖቹን ደርድራ ትሞላለች። ባዶ ሃይላንድ አንስታ ያንተ አይደለም ወይ አለችኝ። ሰማያዊ ክዳን ያለው። ሆስፒታል ይዤው የምሄደው።
አላውቀውም አልኳት።

ጥቅምት 28
እህቴ ልደት ካረፈች ሃያ አራተኛ ቀን። ልጻፈውና ይውጣልኝ።
ጴንጤ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነበር። ማዕተቧን የፈታች ቀን እማዬ አለቀሰች። እኔ ሦስት ወር አላናገርኳትም። በአንድ ቤት እየኖርን! ሰንበት ትምህርት ቤት እሷ ስትዘምር ከበሮ የምመታው እኔ ነበርኩ እኮ።
ኩላሊቷን ታማ ስትተኛ «ጸልዩልኝ፣ ጸበሉን ግን ተዉኝ» አለችን። እሺ አልኩ። ከዚያ የሱቅ ውሃ ገዝቼ፣ ደፍቼ፣ ጸበል ሞላሁበት። አሥራ አንድ ቀን። እስክትውጥ ቆሜ አያታለሁ።
እንድትድን ብዬ ነው... ታዲያ አሁን ክዳኑን ማየት ለምን አቃተኝ?

ኅዳር 2
አርባዋ ኅዳር 14 ይውላል። እማዬ ንስሐ አባታችንን ጠየቀቻቸው። በእኛ ሥርዓት ስላልተቀበረች ፍትሐት አይሆንም አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ «ነዳያን ብታበይ ማን ይከለክልሻል?»
እማዬ ይቺን ቃል ይዛ ተነሳች። ከዛሬ ጀምሮ ስለ በግ ብቻ ነው የምታወራው።

ኅዳር 5
ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ዮዲን አየኋት። የልደት ጓደኛ፣ ከቸርቻቸው። መንገድ ቀየርኩ። ተከትላ ደረሰችብኝ። ለአርባዋ አምስት ሆነው ሊመጡ ይፈልጋሉ። ተዝካር ግን እንደማይበሉ ለእማዬ አስቀድሜ እንድነግርላት ለመነችኝ። ታዲያ ለምን ትመጣላችሁ አልኳት።
«ልናለቅስ» አለች።
እማዬ ስትሰማ ተቆጣች። የልጄን ማዕድ የሚጸየፍ ደጄን አይርገጥ አለች። ትክክል ናት... አይደል?

ኅዳር 6
ትናንት ያልጻፍኩት አለ። ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት፣ እሑድ፣ እነ ዮዲ ሊጸልዩላት ሆስፒታል መጥተው ነበር። በር ላይ ቆሜ ተኝታለች አልኳቸው። አልተኛችም ነበር። ስገባ «ማንም አልመጣም?» አለችኝ።
ማንም አልኳት።

ኅዳር 9
ከትምህርት ቤት በቀጥታ ዮዲ የምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ የበሩን ነገርኳት። ወረቀት መደርደሯን አቆመች። ይቅር ብዬሃለሁም አላለችኝ።
ስለጀመርኩት የጸበሉንም ነገርኳት።
«ታውቅ ነበር እኮ፣ ሄኖክ» አለችኝ።
ልደት ራሷ ነግራታለች። ክዳኑ ሁልጊዜ ተከፍቶ እንደሚመጣ፣ ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ ቆሜ እንደማያት። ዮዲ ተናዳ ለምን ዝም ትይዋለሽ ብትላት፣ «እሱ የሚጸልይልኝ እንደዚህ ነው፤ አልከለክለውም» ብላታለች።
«ጠጥታ ስትጨርስ አሜን ትላለች» አለችኝ ዮዲ። «አልሰማሃትም?»
አልሰማኋትም። ስትውጥ ነበር የማየው...
አሥራ አንድ ቀን የኔን ጸሎት ጠጣች። እኔ የእነሱን ለአንድ ቀን እንኳ በር አላሳለፍኩም።

ኅዳር 12
ሚካኤል። ጸበል ቀዳሁ፣ በዚያው ባለ ሰማያዊ ክዳን።
ስመለስ እማዬና እትዬ ነሲማ ሽንኩርት እየላጡ ነው። እትዬ ነሲማ ከጀጎል ግንብ ውስጥ ወጥተው ጎረቤታችን ከሆኑ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸው ባሉበት ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት፤ ጸበሉንም፣ በሩንም። እማዬ ቢላዋዋን አስቀመጠች። የተናገሩት እትዬ ነሲማ ናቸው።
«ገላነሽ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት የናንተን ሥጋ ቀምሼ አውቃለሁ?»
«አታውቂም።»
«ተቀይመሽኝስ ታውቂያለሽ?»
«አንቺማ እስላም ነሽ።»
«አጃኢብ ነው! የራስሽ ሰው ሲሆን ነው የሚከብድሽ?»
እማዬ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ሁለት ሦስት ከላጠች በኋላ፣ ቀና ሳትል፣ እነዚያ ልጆች ስንት ናቸው አልክ አለችኝ።

ኅዳር 14
ነዳያን በልተው መርቀው ሄዱ። ቀጥለው እነ ዮዲ መጡ። አምስቱም በሩ ላይ ቆሙ። እማዬ አስገባቻቸው። ከሱቅ ያስገዛችውን ብስኩት ከነላስቲኩ አቀረበችላቸው። «ለተዝካር የተሠራ አይደለም፣ ብሉ» አለች። ፊቷ አልተፈታም። ግን አጠገባቸው ተቀመጠች።
ሁለት ሃይላንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ባለ ሰማያዊ ክዳኑ ጸበል፣ ሌላኛው የቧንቧ ነው አልኳቸው። ዮዲ ሁለቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። የቧንቧውን ቀዳች። እኔ ጸበሉን ጠጣሁ።
ከዚያ ልደት ክፍል ገብተው መጸለይ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። እማዬ ወደኔ ዞረች። ለምን ወደኔ? ተነስቼ ከፈትኩላቸው።
ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮክ ብለው ይጸልያሉ። አልወደድኩትም። አሁንም አልወደውም። ዓይኔንም አልጨፈንኩ፤ ማዕተቤን ጨብጬ ቆምኩ። ነፋስ በሩን ሊዘጋው ሲል በእግሬ ያዝኩት።
ሲጨርሱ አሜን አልኩ።