በሱሪ ማሳጠሪያ የተለካ ኢንተርኔት

ቀን፦ መጋቢት 11

ለቤት ኢንተርኔት አገልግሎት መሥሪያ ቤት
ለደንበኞች ጉዳይ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በራሴ ስህተት ከፍ ብሎ የቀረበው የፍጥነት ልኬት እንዲታረምልኝ፣ የተጨመረብኝ ክፍያ እንዲነሳልኝና መስመሬ እንዳይቆረጥ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ የምኖርና እዚያው የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለመሥሪያ ቤትዎ ሳመለክት ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ማመልከቻዬ ያመጣብኝን መዘዝ ስላየሁ በዚህኛው ላይ ብዕሬ ፈራ ተባ ይላል። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ እንዳልቀመጥ ደግሞ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ካልከፈልኩ መስመሬ እንደሚቆረጥ የሚገልጸው ደብዳቤዎ ከመቀሴ አጠገብ ተቀምጧል።

1. ውሌ በሰከንድ አራት ሜጋቢት ይላል። ባለፈው ወር በቪዲዮ ስናወራ ምስል እየቆመ አስቸገረን ብዬ ሳመለክት፣ መስኮት ቁጥር ሦስት ያለችው ሠራተኛ ለአሥራ አራት ቀን በቀን ሦስት ጊዜ ፍጥነቱን እየለካሁ የምሞላው ቅጽ ሰጠችኝ። «ይታገሡ አባባ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችኝ። አልተቀየምኳትም። በዚህ ፍጥነት እንቁላሉ ቀድሞኝ ቤት ሳይገባ አይቀርም ብያት አብረን ስቀን ተለያየን።

2. ስህተቱ የተፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። ቅጹን ከመሙላቴ በፊት ቁጥሮቹን የደንበኞቼን ልክ በምመዘግብበት ደብተር ላይ አሰፈርኳቸው። በዚያ ደብተር ላይ ደግሞ ትርፍ የሌለው ልክ ጽፌ አላውቅም። ወገብ ሰማንያ ከሆነ ለስፌት ሁለት፣ ለእጥፋት ሁለት ጨምሬ ሰማንያ አራት እጽፋለሁ፤ እጄ እኔን ሳያማክር ነው የሚጨምረው። ኢንተርኔቱም አንድ ሲሆን አምስት፣ ሁለት ሲሆን ስድስት፣ አንድ ቀን ጠዋት ቀንቶት ሦስት ሲሆን ደግሞ ሰባት እየተባለ ተመዘገበ። አርባ ሁለቱን ልኬት አንዱም ሳይቀር ትርፍ ጨምሬበት፣ ፈርሜ አስገባሁ። የደረሰችበት ባለቤቴ ናት። ደብዳቤዎን አንብባ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣች፤ ጣቷን ቁጥሩ ላይ አሳርፋ «ለስፌት ጨምረህበታል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ባየችኝ ቁጥር ስትስቅ ነበር።

3. ደብዳቤዎ «ደንበኛው በውላቸው ከተመለከተው በላይ ፍጥነት ሲጠቀሙ መቆየታቸው በራሳቸው ፊርማ ስለተረጋገጠ» ወደ ስድስት ሜጋቢት ጥቅል ተዛውሬ የሦስት ወር ልዩነት እንድከፍል ያዛል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ፊርማዬን አልክድም። ባልበላሁት ዕዳ መጠየቄ ግን ይከነክነኛል። አንድ ነገር ልጠይቅ ይፈቀድልኝ፦ ደንበኛ ፍጥነቱ በዛብኝ ብሎ ሊያመለክት ሁለት ሳምንት ሙሉ ቅጽ ሲሞላ ይከርማል ብሎ ያመነው ባለሙያ ማን ይሆን? ስለ ሰው እንዲህ ያለ ቀና አመለካከት ያለውን ሰው ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር። ኮት ቢያሰፋ ቅናሽ አደርግለታለሁ።

4. በደብዳቤው መጨረሻ ላይ «ታሪፋችን ከዓለም ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ተመጣጣኝ ነው» የሚል አረፍተ ነገር አለ። ምስሉ እስኪከፈት ድረስ ጊዜ ስለነበረኝ እኔም አነጻጸርኩ። የየአገሩ ገንዘብ ስለሚለያይ፣ ሰው ሁሉ ለወር ኢንተርኔቱ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቄ ወደማውቀው ልክ መለስኩት። አንድ ሱሪ ማሳጠር ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጅብኛል።

ነርስ የሆነችው ልጃችን ባለችበት አገር ሦስት መቶ ሜጋቢት አላት፤ የምትከፍለው የአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ ነው፤ አራት ሱሪ አይሞላም። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው የባለቤቴ ወንድም በረዶ በማይጠፋበት አገር አምስት መቶ ሜጋቢት አለው፤ የሁለት ሰዓት ሥራ፣ አምስት ሱሪ የማይሞላ። በዚያ ላይ «አንዳንዴ ይጎተትብኛል» ብሎ አማረረልኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እዚህ ብጽፈው ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይመጥንም። የባለቤቴ አብሮ አደግ አንዲት ፀጉር ሠሪ፣ ካርታ ላይ ነጥብ በምታክል ደሴት ላይ ሆና፣ በሰባት ሱሪ አሥር ሜጋቢት ታገኛለች። መርከብ ላይ ወጥ ቤት የሆነ ደንበኛዬ ደግሞ ባሕር መካከል፣ ድስት እያማሰለ፣ ከእኔ የተሻለ ይደርሰዋል፤ ያውም በነፃ። እኛ ለወሩ የምንከፍለው ሃያ ሁለት ሱሪ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ተሰፍቶ የሚገኘው በወረቀት አራት፣ በቤት ሁለት ሜጋቢት ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የሹፌሩን አምስት መቶ አልተመኘሁም፣ ቢሰጡኝም የት እንደማደርገው አላውቅም። በዚህ አንቀጽ ያሉት ቁጥሮች ትርፍ እንዳልተጨመረባቸው ባለቤቴ አይታ አረጋግጣለች።

5. መስኮት ቁጥር አምስት ያሉት ባለሙያ «ለድምፅ እኮ ከበቂ በላይ ነው፤ በድምፅ ያውሩ» ብለው መክረውኛል። ክፋት አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባለቤቴ ግን በአራት ዓመቷ ከታመመች ወዲህ ጆሮዋ አይሰማም። በእኛ ቤት ወሬ የሚወራው በእጅ ነው። ልጃችን ትሰማለች፣ ትናገራለች፤ ከእናቷ ጋር ግን ከጨቅላነቷ ጀምሮ የተጨዋወቱት፣ የተጣሉትም የታረቁትም በእጅ ነው። መልእክት ይጻጻፋሉ፤ እናትና ልጅ ግን በጽሑፍ ብቻ አይጠግቡም። ሌላ ቤት ምስል ሲቆም ድምፁ ይቀጥል ይሆናል፤ እኛ ቤት ሲቆም ወሬው ራሱ ይቆማል። ባለቤቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ስትጠብቅ ማየት አልወድም።

6. የልጅ ልጃችን አሥራ አንድ ወሯ ነው። ባለቤቴን በምልክት የምንጠራበት ስም አለ፤ ስትስቅ ጉንጯ ስለሚሰረጉድ፣ ስሟ ጉንጭን በሌባ ጣት ሁለቴ ነካ ነካ ማድረግ ነው። ልጃችን ይህን ለሕፃኗ ስታስተምር ከርማ ባለፈው እሑድ «እማዬ፣ ዛሬ ደህና አድርገሽ ተመልከች» አለቻት። ሕፃኗ ጣቷን አነሳች። ጣቷ አገጯ ዘንድ ሲደርስ ምስሉ ቆመ። ሲመለስ ሕፃኗ ያንኑ ጣት እየጠባች ነበር፤ ልጃችን ደስታዋ ፊቷን ሞልቶት «አየሽ? አየሽ አይደል?» ትላለች። ባለቤቴ «አየሁ» አለቻት።

አላየችም። በትዳር ዘመናችን ስትዋሽ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ከጎኗ ሆኜ «አየን፣ አየን» አልኩ። ሕፃን መማሯን ለእኛ ብላ አታቆምም፤ እያለፈን ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) አርባ ሁለቱ ልኬቶች ከእያንዳንዳቸው አራት እየተቀነሰ እንዲታረሙልኝ (የደብተሬን ገጾች ቅጂ አያይዣለሁ፤ በገጾቹ ላይ የሚታዩት የሌሎች ሰዎች የወገብ ልኮች በምስጢር እንዲያዙ አደራ እላለሁ)፤

ለ) የስድስት ሜጋቢቱ ክፍያ እንዲሰረዝና መስመሬ እንዳይቆረጥ፤

ሐ) በውሌ ላይ የተጻፈው አራት ሜጋቢት በእርግጥ ቤቴ እንዲደርስ የሚያይ ቴክኒሻን እንዲላክልኝ። ሁልጊዜ ቢደርሰን ደስታችን ነው፤ ካልተቻለ እሑድ ጠዋት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ እንኳ ቢሆን።

ቴክኒሻኑ ሲመጣ ደወሉን ይጫን። ድምፅ አይሰማም፤ ሳሎናችን ውስጥ አምፖል ብልጭ ይላል። እኔ ስፌት ላይ ስለምሆን የምትከፍትለት ባለቤቴ ናት። መጮኽ አያስፈልገውም፤ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ ቀስ ብሎ ቢናገር ከከንፈሩ ታነባለች። ሥራውን ሲጨርስ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እሑድ ይሠራል?» ብላ ጽፋ ታሳየዋለች። ራሱን በአዎንታ ቢነቀንቅላት ይበቃታል።

ከሁለታችንም አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ልብስ ሰፊው፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ