ዘነበች ያበላችው ባዶ መደብ

ኅዳር 18፣ ጠዋት 2፡30

«አርሶ አደሯ መመሪያ ተረድተው መፈጸም የማይችሉ በመሆናቸው፣ በማሳቸው የተገኘው ውጤት ይሰረዝ፤ ለሚቀጥለው ዘመንም በሌላ አርሶ አደር ይተኩ።»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። የምርምር መ/ቤታችን ኃላፊ የላከው ደብዳቤ ቁጥር የለውም። ሁለት የፊደል ግድፈት አለው፤ በቀይ አርሜያለሁ። ታውቀኛለህ፣ ማስታወሻዬ።

አርሶ አደሯ ወ/ሮ ዘነበች ናት። ከአረካ ወጣ ብሎ፣ መንገድ ዳር ያለው የስንዴ ማሳዋ ላይ ሦስት የሙከራ መደብ አለን። አንዱ የተለመደው ማዳበሪያ። አንዱ ማዳበሪያና ዚንክ። ሦስተኛው ምንም የማይጨመርበት፣ ማነጻጸሪያ። ባለፈው ሳምንት አጭደን፣ ወቅተን መዘንን። ባዶው መደብ ከዚንኩ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። «ምክንያቱ ያልታወቀ» ብዬ ሪፖርት ያደረግኩት እኔው ነኝ። ኃላፊው ከወንበሩ ሳይነሳ ምክንያት አገኘለት። እሷን አንድ ቀን ሳያያት!

ነገ እሄዳለሁ።

ኅዳር 19፣ ከሰዓት

በሞተር። አቧራ ጠጥቼ ደረስኩ። ተቆጥቼ፣ በእሷም ጭምር። ባዶው መደብ ላይ ምን እንደጨመረች ጠየቅኳት።

አልደበቀችም። «አመድ። ፍግ። ምን ይብላ ታዲያ?»

መንገዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ ነው። እሑድ የሚያልፈው ሁሉ ቢጫ የሆነውን መደብ ያያል፤ ዘነበች ታመመች እንዴ ብሎ ደጇ ይገባል። ሊጸልዩላት የመጡም ነበሩ። ስትነግረኝ ሳቋ አላስጨርሳት አለ። እዚህ አገር ደጅ ላይ ያለ ሰብል የባለቤቱ ፊት ነው።

«አስተማሪ፣ ሦስት ልጅ አስቀምጠህ ሁለቱን ብቻ ታበላለህ?»

አስተማሪ አይደለሁም። ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ።

ቤት ገብቼ የሥልጠና ወረቀቴን አወጣሁ። ሦስት ገጽ ስለ ዚንክ። ስለ ባዶው መደብ አንድ ቃል፦ አትንኩት። ለምን እንደማይነካ የለም። አልጻፍኩትም። አልነገርኳትም።

ማን ነው እንግዲህ ያልቻለው?

ኅዳር 20፣ ጠዋት

ደግሜ ሄድኩ። ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል ጨመረች? «ትንሽ ትንሽ» የሚል መልስ ጠብቄ ቁጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ከምሰሶው ላይ የእንሰት ቃጫ አወረደች። ተቋጥሯል። ትልቅ ቋጠሮ ፍግ፣ ትንሽ ቋጠሮ አመድ። ለአንድ ቋጠሮ አንድ እንቅብ፣ አፉ ድረስ፣ በእጅ ተደልድሎ። ሰባት ትልቅ፣ አራት ትንሽ። እንቅቡን በፍግ አስሞልቼ ሦስቴ መዘንኩ። ሦስቱም አንድ ሊሆን ምንም አልቀረው። የመ/ቤታችን መዝገብ እንዲህ ቢያዝ!

ለምን ቋጠርሽ አልኳት።

«አንተ ሁሌ ትጽፋለህ። እኔም ጻፍኩ።»

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ሚዛኑን ማጽዳት ጀመርኩ፤ ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ለሚቀጥለው ዘመን ዘር መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቱን የባሏ ወንድም ምርቱን እኩል ሊካፈል ያርሰው ነበር። መልሳ የያዘችው ሙከራው ዘርና ማዳበሪያ ይዞ ሲመጣ ነው። ሙከራው ከቀረባት መሬቱም ወደ እሱ ይመለሳል። ደብዳቤውን አላነበብኩላትም። በሐምሌ ይመጣል አልኳት። በእጄ የሌለ ቃል ሰጠሁ። በእኔ ዕድሜ!

የተቀቀለ ጎደሬ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። እስከ ሶዶ፣ እስከ ቤቴ፣ ጀርባዬን አሞቀኝ።

ኅዳር 21፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ለኃላፊው መልስ አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። ስድቡን ሁሉ አወጣሁት፤ አጠረ። የምልከው ይኸው፦

«በወ/ሮ ዘነበች ማሳ ማነጻጸሪያው አገልግሎት እንደማይሰጥ አልክድም። ጥፋቱ ግን ምክንያቱን ያላስረዳሁት የእኔ ነው፤ በስሜ ይመዝገብ። ስለ እሳቸው የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ። መደቡ የፍግና የአመድ መደብ ተብሎ ለብቻው በስማቸው ይያዝ። በሚቀጥለው ዘመን በሙከራው ይቀጥሉ። የጨመሩት መጠን ዝርዝር ተያይዟል፤ ዋናው ቃጫ ለሚቀጥለው ዘመን ስለሚያስፈልጋቸው ከእሳቸው ዘንድ ይቆያል። እስከ ኅዳር 30 ቀን፣ 11 ሰዓት ድረስ፣ ቁጥርና ፊርማ ያለበት መልስ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»