ያችን መስመር ይሰርዙልኝ

ጎንደር፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣
ሐዋሳ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሐዋሳ ሙቀት ለወገራ ደጋ ሰው ይከብዳል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ እህቴ ሽታዬ ግን «ለጉልበታቸው ሸጋ ሆኖላቸዋል» ትለኛለች። እኔም ደህና ነኝ፤ ዛሬ ተናድጄ ከመዋሌ በቀር።

የማስተምረው ትምህርት ስሙ ይረዝማል፤ በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ይሉታል። ለእኔ ግን አንዲት ጥያቄ ናት፤ «በምን ታወቀ?» ተማሪዎቼን ልፈትን ብዬ፣ እርስዎ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ ሳሉ የያዟትን ደብተር ይዤ ክፍል ገባሁ። የማን እንደሆነች ሳልናገር አንድ መስመር አነበብኩ፦ «ተቅማጥ የያዘው ሕፃን አንጀቱ እንዲያርፍ ውሃና ወተት ይከልከል።» ክፍሉ ሙሉ አጎንብሶ ጻፈ! መርዋ የምትባል ልጅ ብቻ እጇን አወጣች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ይህ በምን ታወቀ?»

የአገራችን የኮሶዬ ልጅ አንዱዓለም ዞር ብሎ «ምነው መርዋ፣ መምህር ያሉት አይበቃሽም?» አላት።

«አይበቃትም!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ጥናቶቹን ፈልገው እንዲያመጡም ላክኋቸው። ከሰዓት በኋላ ያገኙትን ያነበበልን ራሱ አንዱዓለም ነበር፤ ሕፃኑን የሚገድለው የሰውነቱ ውሃ ማለቅ ነው፤ ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ያድነዋል፤ ምግቡም አይቋረጥም። ደስ አለኝ። ያን ጊዜ መርዋ «ደብተሩ የማን ነው?» አለች። ጥያቄ አትፍሩ ባይዋ እኔ «ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ» ብዬ ደብተሯን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

ሰኞ እመልስላታለሁ። ስምዎን አላነሳም፤ የራሴን ድርሻ ግን አልደብቅም። በሦስት ዓመቱ ያጣነው ወንድሜ ወንዴ በተቅማጥ ታሞ በተኛ ጊዜ፣ ውሃ እንዳይጠጣ እንስራው አጠገብ ያስቀመጡት እኔን ነበር። አሥር ዓመቴ ነበር። «እታለም፣ ውሃ» ሲለኝ ዋለ። አልሰጠሁትም። እርስዎ የተማሩትን አዘዙ፣ እኔም የታዘዝኩትን ጠበቅሁ፤ «በምን ታወቀ?» ያለ ሰው በቤቱ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ልወቅስዎ አይደለም፤ እወድዎታለሁ። ሐኪም የሆንኩትም እርስዎን እያየሁ ነው። ከእንግዲህ ግን ዝም አልልም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይሉን የነበሩት እርስዎ አይደሉም? ደብተሯን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ያችን መስመር በእጅዎ ይሰርዟት፤ ከሥሯም ትክክለኛውን ይጻፉበትና ይመልሱልኝ። የሚመጡት ተማሪዎች ከእርስዎ የእጅ ጽሑፍ እንዲማሩ እፈልጋለሁ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ከክፉ ይጠብቅዎ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ሐዋሳ ይሞቃል፤ ውሃ ይጠጡ፣ አባዬ።

ልጅዎ
ዝናሽ ሰጠኝ