ለአርባ ባዶ ወረቀቶች ቃል አቀባይ

ኅዳር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ለክቡር አቶ ቸሩ
የአለኝታ እድር ሊቀ መንበር

እጅግ የተከበሩ ሊቀ መንበራችን፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን የሚነዘንዝዎት ሕመም በዚህ ብርድ እንዳይብስብዎ፣ መኪናዎ ጠዋት ጠዋት አልነሣም እንዳይልዎ፣ መነጽርዎም ከአጠገብዎ እንዳይርቅ ከልብ እመኛለሁ። መነጽሩን ያለ ምክንያት አላነሣሁም፤ ማንም ምንም ካልጻፈበት ወረቀት ላይ «አይሆንም» የሚል ቃል ያነበቡበት መነጽር ስለሆነ ለእድራችን ትልቅ ንብረት ነው።

እኔ ባህሩዲን ነኝ፤ ፎርት ስኔሊንግ አካባቢ ካለው አየር ማረፊያ መንገደኛ የማመላልስ ሾፌር፣ የእድሩም የአሥራ አንድ ዓመት አባል። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ባለፈው ስብሰባ ላልተገኙትም ሆነ ተገኝተው የሆነው ነገር ላልገባቸው ወገኖች እንዲደርስ ነውና፣ ነገሩን ከመነሻው እንዳስታውስ ይፍቀዱልኝ።

ፈነት፣ ፍሪድሊ ከተማ በሚገኝ የሕክምና መሣሪያ ፋብሪካ የምትሠራ፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት ናት። በመዝገባችን ላይ የሰፈረው ግን የባሏ የዲንሳ ስም ብቻ ነው፤ ደንባችን ሚስትን የሚያውቃት በባሏ ስም ነውና። ዲንሳ ከአራት ዓመት በፊት ጥሏት ሲያትል ሄዶ ሌላ አገባ። በደንቡ መሠረት እድርተኛው ዛሬም እሱ ነው፣ በስሙ የምትታቀፈውም መልኳን አይተን የማናውቃት አዲሷ ሚስቱ ናት፤ በየለቅሶው ድስት የምትጥደው ፈነት ግን ለእኛ ማንም አይደለችም። ጃንዋሪ ላይ የልብ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሲያዝላት፣ በራሷ ስም እንድትመዘገብ ጠየቀች። በስብሰባው ላይ ቆማ ያለችው ይህንን ብቻ ነበር፦ «እኔ ሌላ ነገር አልፈለግሁም። ሰርጀሪው ላይ አንድ ነገር ብሆን ልጆቼ ማንን ኮል ያደርጋሉ? እዚህ አገር ዘመድ የለኝም፤ ያሉኝ እናንተ ናችሁ።»

እሑድ ኅዳር 2 ቀን ድምፅ ሰጠን። ሳጥኑ ሲከፈት ስልሳ አንድ ሰው «ይሁን»፣ ሃያ ሁለት ሰው «አይሆንም» ብሎ ተገኘ፤ አርባ ወረቀት ባዶ ነበር። ማጨብጨብ ጀምረን ነበር። ያኔ እርስዎ ከኮትዎ ኪስ አንድ ፎቶ ኮፒ አወጡና የሚኒሶታን የ1918 ምርጫ ውጤት አነበቡልን፤ በዚያው ልክም አርባዎቹን ባዶ ወረቀቶች ከ«አይሆንም» ጋር ደመሯቸው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ታሪክ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። በፈረንጆቹ 1918፣ በወርኃ ኖቬምበር፣ የዚህ ግዛት ሕዝብ መጠጥ በሕገ መንግሥት ይከልከል ወይስ አይከልከል ተብሎ መጠየቁን፣ ወደ መቶ ዘጠና ሺህ የሚሆን ሰው ይከልከል፣ ወደ መቶ ሰባ አራት ሺህ የሚሆነው አይከልከል ማለቱን፣ ነገር ግን ለሌላው ሁሉ መርጠው ይህችን ጥያቄ ባዶ የተዉ አሥራ ሰባት ሺህ ያህል ሰዎች ከተቃዋሚ ጋር ስለተደመሩ ክልከላው ከሺህ ባነሰ ድምፅ መውደቁን የሰማሁት ከእርስዎ ነው። እውነቱን ለመናገር አላመንኩዎትም። በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፤ ቁጥሩ እውነት ነው፣ ሕጉም እስከ ዛሬ አለ። ስለተጠራጠርኩዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ እግር ጥሎኝ ከሄድኩ አይቀር ብዬ ሳነብ፣ ከፎቶ ኮፒው የቀሩ ጥቂት ነገሮችን አገኘሁ። ያ ሕግ ምርጫው ከመድረሱ ሃያ ዓመት አስቀድሞ በሕገ መንግሥታቸው ተጽፎ ነበር፤ እኛ ግን የሰማነው ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ወረቀቱ ተቆጥሮ ካበቃ በኋላ ነው። የእድራችን ደንብ ስምንት ገጽ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ባዶ ወረቀት አንዲት ቃል የለበትም። ደግሞም በዚያ ዓመት ስለ መጠጡ ድምፅ የሰጠች አንዲት ሴት አልነበረችም፤ አልተፈቀደላቸውማ። አንዲት ሴት በራሷ ስም ትቆጠር አትቆጠር የሚለውን ለመዳኘት፣ ካለው ምርጫ ሁሉ ሴት ያልተቆጠረችበትን ፈልገው ማምጣትዎ የሚደነቅ ነው።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ስቀመጥ ቀልዱ ጠፋብኝ።

አቶ ቸሩ፣ እርስዎ ሕዝብዎን ያውቃሉ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ተነሥተው «ይሄ ነገር ትዳር ያፈርሳል፤ እኔን የምታከብሩ አስቡበት» አሉ፤ ከዚያም ሄደው ከሳጥኑ አጠገብ ቆሙ። ከመካከላችን ስንቱን ነው ገና ከአውሮፕላን ሲወርድ የተቀበሉት? ስንቱ ነው መንጃ ፈቃድ የወሰደው በእርስዎ መኪና ተለማምዶ? እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ ቆሞ «ይሁን» ብሎ መጻፍ ይከብዳል። ፈነትን «አይሆንም» ማለት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ሰው ወረቀቱን እንደተቀበለው አጥፎ ከተተው። ይሉኝታ ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም፤ ሁለታችሁንም ላለማስቀየም ነው። እርስዎም ይህን አሳምረው እያወቁ ያንን ሁሉ ይሉኝታ ለቃቅመው በእሷ ላይ አዋሉት። ከመቶ ሃያ ሦስት ወረቀት ከግማሽ በላይ ማለት ስልሳ ሁለት ነው። ፈነት በአንድ ድምፅ ወደቀች።

ከዚህ በኋላ ቁጥር አልሰጥም። ባለቤቴ ሻሂዳ ያረፈች ጊዜ፣ ክርስቲያኗ ፈነት «የእኔ ድስት ለእናንተ ያስቸግር ይሆናል» ብላ፣ ሦስት አዲስ ድስት ከነወረቀቱ ተሸክማ መጣች። ሦስቱንም ቀን ከፋብሪካ እንደወጣች ወደ እኛ ቤት ነበር የምትመጣው፤ ስንት ሰዓት እንደተኛች አላውቅም። ድስቶቹ ዛሬም ኩሽናዬ ውስጥ ናቸው። እሷ የወደቀች ቀን እነዚህን ድስቶች ማን ይጥዳቸዋል ብዬ ሳስብ እፈራለሁ፤ ተኝቼም እነቃለሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ከጃንዋሪ በፊት ስብሰባ ይጥሩልንና፣ ባዶ ወረቀት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድመው ነግረውን፣ እንደገና ድምፅ እንስጥ። እርስዎ «የወደቀ ሐሳብ ከሁለት ዓመት በፊት አይነሣም» ብለዋል። ይህም ደንቡ ውስጥ የለም፤ ምናልባት በሌላኛው ኪስዎ ይኖር ይሆናል። የ1918ቱን ክልከላ እንኳ ባዶ ወረቀቶቹ ብዙ አላቆዩትም፤ ጥቂት ወራት ሳይሞላ በመላ አገሪቱ ጸደቀ። የታመመ ልብ ግን የሁለት ዓመት ቀጠሮ አይቀበልም።

በመጨረሻም፣ ያልተጻፈ የሚያነብ ዓይንዎን፣ ያልተነገረ የሚሰማ ጆሮዎን ያቆይልን፤ ወንበርዎ ይጽናልዎ፤ ከቤትዎ ለቅሶ ይራቅ፤ ካልራቀም ድስት የሚጥድ እንዳያሳጣዎ እየተመኘሁ፣ ዝም ባለ ቁጥር የሚተረጎምለት ታዛዥ አባልዎ ነኝ።

ባህሩዲን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከአርባዎቹ ባዶ ወረቀቶች አንዷ የእኔ ናት፤ አራት ቦታ የታጠፈችው። መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና፣ እስክሪብቶውን ይዤ ቀና ስል ዓይንዎ ዓይኔ ላይ ነበር። የጎደለችው አንድ ድምፅ እኔ ነኝ። ያን ዕለት መኪና ማቆሚያው ላይ ፈነት እጄን ይዛ «ባህሩዬ፣ አንተ እንኳ ከጎኔ ነበርክ» አለችኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ እንደ ምን እንደሚቆጠር ከእርስዎ ተምሬያለሁና ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ የወጥ ቤት በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ቁልፉ ያለው ፈነት እጅ ስለሆነ፣ እሑድ ጠዋት ከእርስዎ ቀድማ የምታነበው እሷ ናት።